«አዲስ!» ከምትል ቃል ጋር ስታገል ዋልኩ

የምሠራበት አኳሪየም (የባሕር እንስሳት ማሳያ) የጄሊፊሽ ክፍል ሊከፍት ነው፤ ጄሊፊሽ አጥንት የሌለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ ነው፤ ማስታወቂያው የእኔ ሥራ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ቱሪስት አያስቸግርም፣ ለእሱ ሁሉም ነገር አዲስ ነው። ያስቸገረኝ በመኪና ሁለት ሰዓት የማይርቀው ጎረቤታችን ነው። «አይተነዋል እኮ!» ይላል። እውነቱን ነው።

ረቂቄን እንደያዝኩ ወደ ጓዳው ገባሁ። ጄሊፊሾቹን የምታሳድገው ልጅ ማጉያ መነጽር ሰጠችኝ። ኤፊራ የሚባሉት ጨቅላዎቹ ጥቂት ሚሊሜትር ቢሆኑ ነው፤ እንደ ትንሽዬ ኮከብ ክፍት ክድን እያሉ ይዋኛሉ። አንጎል የላቸው፣ ልብ የላቸው (ስብሰባችን ትዝ አለኝ)። ገንዳው ክብ የሆነው ለውበት መስሎኝ ነበር። ለካ ማዕዘን ቢኖረው ውሃው እዚያ ይወትፋቸውና ይጎዳሉ።

«ከጥቂት ወራት በኋላ ሳህን ያካክላሉ» አለችኝ።

ረቂቁን እዚያው ቀደድኩት። «ዛሬ ከጥፍር ያንሳሉ። ከወራት በኋላ ሳህን ያካክላሉ። ሁለቱንም ይዩ» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ጉብኝት ቅናሽ የሚያሰጥ ትኬትም ይኑር አልኩ፤ እሱ ገና አልጸደቀም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የካሊፎርኒያው ሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም አንዲት ነጭ ሻርክ ተቀብሎ፣ ለ198 ቀናት አቆይቶ በ2005 ወደ ባሕር ለቋታል። «ነገ ላትኖር ትችላለች» ከማለት የበለጠ ምን ማስታወቂያ አለ? የእኛዎቹ ደግሞ ነገ ይኖራሉ፣ ግን እንደዛሬው አይሆኑም።

አለቃዬ አነበበና «‹አዲስ› የሚለውስ?» አለኝ።

ጥግ ላይ፣ በትንሹ፣ ጻፍኩለት።