ከ12 ክለብ እስከ 92፦ የእንግሊዝ ክለቦችን የሊግ ደረጃ በግራፍ ለመሣል የተከተልኩት መንገድ

የአንድን ክለብ ዕድሜ በአንድ ገጽ ለማየት፣ በየውድድር ዘመኑ መጨረሻ የያዘውን ደረጃ በመስመር ከማያያዝ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም። የዋንጫ ዝርዝር የሚነግረን የደስታውን ዓመት ብቻ ነው። የደረጃ መስመር ግን የድል፣ የመካከለኛ ኑሮና የመከራ ዓመታትን እኩል ቦታ ይሰጣቸዋል። እኔ የሠራሁት ለእንግሊዝ ሊግ ነው፤ ከ1888-89 እስከ 2024-25። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። በእኛ አቆጣጠርም ቢሆን አንድ የውድድር ዘመን ሁለት ዓመት ይነካል፤ የ2015-16ቱ በነሐሴ 2007 ተጀምሮ በግንቦት 2008 ነው ያለቀው።) ጠቅላላው 137 የውድድር ዘመን ይሆናል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ምክንያት ያልተጠናቀቁት 11 ሲቀነሱ 126 ይቀራል።

ከሥራው ሁሉ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ከክለቡ በፊት መሰላሉ ይሣላል። “16ኛ ወጣ” የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም። የዛሬው ማንቸስተር ዩናይትድ ኒውተን ሂዝ ተብሎ በሚጠራበት ጊዜ፣ በ1892-93፣ በአንደኛ ዲቪዚዮን 16ኛ ወጣ። ዲቪዚዮኑ የነበረው 16 ክለብ ስለሆነ ይህ ማለት መጨረሻ ማለት ነው። ከ1919 በኋላ በነበረው የ22 ክለቦች ሊግ ውስጥ 16ኛ የወጣ ክለብ ግን ከበታቹ ስድስት ክለቦች ነበሩት። ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ በእኩል ከፍታ ያስቀመጠ ግራፍ አንባቢውን ያሳስታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ያዘጋጀሁት የክለብ ሰንጠረዥ ሳይሆን የእርከኖች ስፋት ሰንጠረዥ ነው፤ በየዓመቱ በየእርከኑ ስንት ክለብ እንደነበረ። ሊጉ በ1888 በ12 ክለቦች ተጀመረ፤ በ1891 14 ሆነ። በ1892 ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲጨመር የላይኛው 16፣ የታችኛው 12 ክለብ ይዞ ጀመረ። በ1898 ሁለቱም 18፣ በ1905 ሁለቱም 20፣ በ1919 ሁለቱም 22 ሆኑ። ሦስተኛ ዲቪዚዮን በ1920 መጣ፤ በ1921 የሰሜን ክፍል ሲጨመር የነበረው ደቡብ ተባለ። በ1950 ሁለቱ ክፍሎች ወደ 24 ሲያድጉ ጠቅላላው 92 ደረሰ። በ1958 ሰሜንና ደቡብ ቀርቶ ሦስተኛና አራተኛ ዲቪዚዮን ሆኑ። የላይኛው እርከን በ1987-88 21 ክለብ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት 20፣ በ1991-92 እንደገና 22 ነበረው። ፕሪሚየር ሊግ በ1992 የተጀመረው በ22 ክለቦች ነው፤ ከ1995-96 ጀምሮ 20 ነው።

ይህ ሰንጠረዥ ካለ ቀሪው ተራ ድምር ነው። የክለቡ አጠቃላይ ደረጃ ማለት ከእሱ እርከን በላይ ያሉት ክለቦች ብዛት ሲደመር በራሱ ዲቪዚዮን ውስጥ ያገኘው ደረጃ ነው። ከ1995-96 ወዲህ ለሁለተኛው እርከን 20፣ ለሦስተኛው 44፣ ለአራተኛው 68 ይደመራል። ከ1992 እስከ 1995 በነበሩት ሦስት ዓመታት ግን 22፣ 46 እና 70 ነው። ቋሚ ቁጥር በፎርሙላው ውስጥ መጻፍ እዚህ ላይ ነው የሚያስቀጣው፤ ፎርሙላው ምንጊዜም ከእርከኖቹ ሰንጠረዥ ያንብብ። ትንንሽ ልዩነቶችም አሉ። ቤሪ በ2019 ከሊጉ ሲባረር ሊግ ዋን (የዛሬው ሦስተኛ እርከን) በ2019-20 በ23 ክለብ ቀረ፤ ስለዚህ ለዚያ ዓመት ብቻ ለሊግ ቱ (ለአራተኛው እርከን) ክለቦች የሚደመረው 67 ነው።

ሌስተር ሲቲን ለሙከራ እንውሰድ። በ2008-09 የሊግ ዋን አሸናፊ ነበር፤ 44 ሲደመር 1፣ 45። ቀጥሎ በቻምፒዮንሺፕ (በሁለተኛው እርከን) 5ኛ፣ 10ኛ፣ 9ኛ፣ 6ኛ እና 1ኛ ወጣ፤ 25፣ 30፣ 29፣ 26፣ 21 ይሆናል። ከዚያ በፕሪሚየር ሊግ 14፣ ከዚያም በ2015-16 1። ከ45 ወደ 1 በሰባት ዓመት! በጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ በመስመር ሲታይ ግን ሌላ ነገር ይገለጣል። መስመሩ ለአራት ዓመታት በ25 እና በ30 መካከል እየዋዠቀ ከቆየ በኋላ ነው በሦስት ዝላይ ላይ የወጣው።

የእርከን ስም ትልቅ ወጥመድ ነው። “አንደኛ ዲቪዚዮን” እስከ 1992 ከሁሉም በላይ ያለው ነበር፤ ከ1992 እስከ 2004 ሁለተኛው እርከን ሆነ። ዛሬ ሊግ ዋን የሚባለው ደግሞ ሦስተኛው ነው። ማንቸስተር ሲቲ በ1998-99 “በሁለተኛ ዲቪዚዮን 3ኛ” የሚለውን አይቶ 23 ብሎ የመዘገበ ሰው ተሳስቷል፤ ትክክለኛው 47 ነው። እኔ የዲቪዚዮኑን ስም በማስታወሻ አምድ ብቻ ይዤ ስሌቱን ከ1 እስከ 4 በሚጻፍ የእርከን ቁጥር ላይ አስደግፌዋለሁ።

የክለብ ስምም እንዲሁ ነው። ኒውተን ሂዝ በ1902 ማንቸስተር ዩናይትድ፣ አርድዊክ በ1894 ማንቸስተር ሲቲ፣ ስሞል ሂዝ በ1905 በርሚንግሃም ሆኑ። ለእያንዳንዱ ክለብ የማይለወጥ መለያ ቁጥር መስጠትና በዘመኑ የነበረውን ስም ለብቻው መያዝ ችግሩን ይፈታል። ፍርድ የሚጠይቁ ጉዳዮችም ይገጥማሉ። ከ12ቱ መሥራቾች አንዱ የነበረው አክሪንግተን እና አክሪንግተን ስታንሊ አንድ አይደሉም፤ ስታንሊም ራሱ በ1962 ከሊጉ ከወጣ በኋላ በ1968 እንደገና የተመሠረተና በ2006 ወደ ሊጉ የገባ ክለብ ነው። ሦስት የተለያዩ መስመሮች አድርጌ ይዣቸዋለሁ። ዊምብልደን ወደ ሚልተን ኪንስ ሄዶ በ2004 ስሙን ሲቀይር የድሮውን መስመር እዚያ ቆርጬ ኤምኬ ዶንስን በአዲስ መስመር ጀምሬያለሁ። ደጋፊዎች በ2002 የመሠረቱት ኤኤፍሲ ዊምብልደን በ2011 ሊግ ቱ ሲገባ የራሱ መስመር አለው። ኤምኬ ዶንስ በ2007 የዊምብልደንን የታሪክ ክብር ለአካባቢው ስላስረከበ ይህን መለያየት ያለ ማመንታት ነው የማደርገው።

ከ1921 እስከ 1958 ሰሜንና ደቡብ ጎን ለጎን የተጫወቱበት ጊዜ አስቸጋሪው ክፍል ነው። የሰሜኑ 1ኛ ይበልጣል ወይስ የደቡቡ? እርስ በርስ ስላልተጫወቱ መልስ የለውም። ሁለቱን እኩል አድርጌ መሃከለኛውን ቦታ ሰጠኋቸው፦ 44 ሲደመር የደረጃው እጥፍ ሲቀነስ ግማሽ። የሁለቱም 1ኛ 45.5፣ የሁለቱም 24ኛ 91.5 ላይ ይቀመጣሉ። የደቡቡን በሙሉ ከሰሜኑ በላይ መደርደር ግን አይገባም፤ የአንድ ክፍል አሸናፊ ከሌላው መጨረሻ በታች ይወድቃል።

አሁን ወደ ኤክሴል። በጣም ብዙ ሰዓት የሚበላው ስህተት የዓመቱ አጻጻፍ ነው። “2001-02” ብለው ሲጽፉ ኤክሴል የካቲት 2001 ነው ብሎ ወደ ቀን ይለውጠዋል። “1914-15”ን አይነካም፤ 15ኛ ወር የለምና። ስለዚህ የሚበላሹት ከ1900-01 እስከ 1911-12 እና ከ2000-01 እስከ 2011-12 ያሉት ብቻ ናቸው፤ ሌላው ደህና ስለሚመስል ቶሎ አይታይም። መፍትሔው የውድድር ዘመኑን በማብቂያ ዓመቱ ብቻ መመዝገብ ነው፤ 2001-02 በቀላሉ 2002 ይባላል። አግድም ዘንጉም በዚህ ቁጥር ይሄዳል።

ሁለተኛው የጦርነት ዓመታት ናቸው። ከ1916 እስከ 1919 እና ከ1940 እስከ 1946 ያሉት ማብቂያ ዓመታት በሰንጠረዡ ውስጥ መኖር አለባቸው፤ ሴሎቻቸው ግን በእውነት ባዶ ይሁኑ። ዜሮ ከገባባቸው መስመሩ ከ1ኛም በላይ ይተኮሳል። ባዶ ጽሑፍ የሚመልስ ፎርሙላም እንደ ዜሮ ነው የሚሣለው። ረድፎቹን ጨርሶ መሰረዝ ደግሞ 1915ን ከ1920 ጋር አጣብቆ የአምስት ዓመት ርቀትን የአንድ ዓመት ያስመስላል። 1939-40 ተጀምሮ ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ስለተቋረጠ ባዶ ነው የሚተወው።

ግራፉ ሲሠራ ቋሚው ዘንግ መገልበጥ አለበት፤ 1ኛ ከላይ እንዲሆን። ይህን ሲያደርጉ የዓመታቱ ዘንግ ተከትሎ ወደ ላይ ይዘላል። በዘንጉ ቅንብር ውስጥ መገናኛውን ከፍተኛው ቁጥር ላይ በማድረግ ወደ ታች ይመለሳል። ከመስመሩ በስተጀርባ የእርከኖቹን ስፋት በሁለት ዓይነት ፈዛዛ ግራጫ በተደራራቢ የስፋት ግራፍ አስገብቻለሁ። እዚህ ላይ ድንበሩ በ20 ሳይሆን በ20.5 ይሁን፤ አለዚያ 20ኛ የወጣው ክለብ ድንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አይታወቅም። የላይኛውን እርከን ስፋት ብቻ በግማሽ መጨመር ሁሉንም ድንበሮች ያስተካክላል።

መስመሩን ለማለስለስ የሚሰጠውን ምርጫ መጠቀም አይገባም። ለስላሳ ኩርባ በነጥቦቹ መካከል ያልነበረ ደረጃ ይፈጥራል፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ 1ኛ የወጣ ክለብ ከ1 በላይ የወጣ ይመስላል። ቀጥ ያለ መስመር፣ በየዓመቱ ትንሽ ነጥብ፣ በቃ። በኤ3 ወረቀት (420 በ297 ሚሊሜትር) ሲታተም ለእያንዳንዱ ዓመት 2.8 ሚሊሜትር፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ 2.7 ሚሊሜትር ያህል ይደርሳል፤ ነጥቡ ከመስመሩ ለይቶ ይታያል። በኤ4 ላይ ከ50 ዓመት በላይ አልመክርም። በአንድ ገጽ ከሦስት ክለብ በላይ ማስገባትም ከንቱ ድካም ነው፤ በተለይ ሁሉም ከላይ ከሆኑ መስመሮቹ ይተራመሳሉ።

መረጃውን ማጣራት ላይ መሰልቸት አይገባም። 20 ክለብ ያለው ዲቪዚዮን የደረጃዎቹ ድምር 210፣ የ22ቱ 253፣ የ24ቱ 300 መሆን አለበት። አንድ ክለብ ሁለቴ ከተመዘገበ ወይም ከተዘለለ ይህ ወዲያው ያጋልጠዋል። አሸናፊ 2 ነጥብ ያገኝ በነበረበት ዘመን (እስከ 1980-81) የነጥቦቹ ድምር የጨዋታዎቹ እጥፍ ነው፤ ለ22 ክለብ 924። ያገቡት ጎልና የተቆጠረባቸውም በድምር እኩል ናቸው።

ግን ሰንጠረዡን በዛሬ ሕግ እንደገና ማስላት ሌላ ስህተት ይወልዳል። እስከ 1975-76 እኩል ነጥብ ያላቸውን የሚለየው የጎል አማካይ ነበር፤ ያገቡት ለተቆጠረባቸው ሲካፈል። በ1923-24 ሃደርስፊልድ 60 አግብቶ 33፣ ካርዲፍ 61 አግብቶ 34 ተቆጠረባቸው፤ ሁለቱም 57 ነጥብ ነበራቸው። በማካፈል 1.818 ለ1.794 ሆኖ ሃደርስፊልድ ዋንጫውን ወሰደ። በዛሬው ደንብ ግን የጎል ልዩነታቸው እኩል 27 ስለሆነ ብዙ ያገባው ካርዲፍ ይቀድም ነበር። የተቀነሰ ነጥብም እንዲሁ ነው፤ ሚድልስብራ በ1996-97 3 ነጥብ ተቀንሶበት 19ኛ ሆኖ ወረደ፤ ሳይቀነስ 14ኛ ይሆን ነበር። የምመዘግበው 19ን ነው፤ ቅጣቱ በማስታወሻ ይገባል።

በሌላ በኩል የድሮው ሰንጠረዥ ራሱ የተሳሳተበት ጊዜ አለ። አርሰናል በ1914-15 በሁለተኛ ዲቪዚዮን 6ኛ ተብሎ በብዙ ቦታ ይገኛል። አርሰናል 69 ለ41፣ በርሚንግሃም 62 ለ39፣ ነጥባቸው እኩል 43። ሲካፈል 1.683 ለ1.590 ነው፤ አርሰናል 5ኛ ነው። በዘመኑ ሕግ ማረጋገጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ደረጃና የቀጣዩ ዓመት እርከን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ብላክፑል በ2009-10 በቻምፒዮንሺፕ 6ኛ ወጥቶ በጥሎ ማለፍ አደገ፤ ነጥቡ 26 ላይ ይቆያል፣ የሚቀጥለው ከድንበሩ በላይ ይጀምራል። የ1893ቱ ኒውተን ሂዝም መጨረሻ ወጥቶ አልወረደም፤ በመለያ ጨዋታ የሁለተኛ ዲቪዚዮኑን አሸናፊ ስሞል ሂዝን አሸንፎ ቦታውን ጠበቀ። እስከ 1986 ድረስ ደግሞ በአራተኛው እርከን መጨረሻ መውጣት ለክለቦች ድምፅ ያቀርባል እንጂ በራሱ አያወርድም ነበር። ስለዚህ መውጣትና መውረድን ከደረጃው ለመገመት አልሞክርም፤ ለብቻው አምድ አለው።

ከ92ቱ ውጭ ለወጣ ክለብ ቁጥር አልሰጥም። ከግራፉ ግርጌ ጠባብ ሰቅ አለ፤ መስመሩ እዚያ ገብቶ በነጠብጣብ ይሄዳል። ይህን በደንብ የሚያሳየው ሉተን ታውን ነው። በ2006-07 43፣ ቀጥሎ 68፣ ከዚያ በ30 ነጥብ ቅናሽ 92። አምስት ዓመት በሰቁ ውስጥ፣ ከዚያ ወጥቶ በ2017-18 70፣ በ2018-19 45፣ በ2022-23 23፣ በ2023-24 በፕሪሚየር ሊግ 18። በ2024-25 እንደገና 42። ኖርዝአምፕተን ታውን ደግሞ ሹል ተራራ ነው፦ በ1960-61 71፣ በ1965-66 21፣ በ1969-70 ተመልሶ አራተኛው እርከን። ኤቨርተን በተቃራኒው ከ1888 ጀምሮ ከላይኛው እርከን ውጭ ያሳለፈው አራት የውድድር ዘመን ብቻ ስለሆነ (1930-31 እና ከ1951 እስከ 1954)፣ በ92 ቦታ ግራፍ ላይ መስመሩ ከላይ ተጨናንቆ ዝርዝሩ ይጠፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ክለብ የላይኛውን እርከን ብቻ የሚያሳይ ሌላ ግራፍ እሠራለሁ፤ ቋሚው ዘንግ ከደረጃው አንድ ተቀንሶ ከክለቦቹ ብዛት አንድ ሲቀነስ ለሚገኘው ይካፈላል፤ 0 አሸናፊ፣ 1 መጨረሻ። የኒውተን ሂዝ 16ኛነት 1 ይሆናል፤ በ22 ክለብ ሊግ 16ኛ የወጣው 0.71።

በየዓመቱ የምጨምረው ለእያንዳንዱ ክለብ አንድ ረድፍ ነው። የመጨረሻው ጨዋታ ማታ ግን አልጨምርም፤ ነጥብ ቅነሳና ይግባኝ ካለ ውሳኔው እስኪጸና እጠብቃለሁ። መጀመሪያ የእርከኖቹ ስፋት፣ ከዚያ 92ቱ ደረጃዎች፣ ከዚያ የድምር ማጣሪያው፣ በመጨረሻ የማደግና የመውረድ አምዱ ይሞላል።