በረዶ በሌለበት ጎንደር፣ የስኪ ዙር ዝላይ

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወጣው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ስኪዎቹን ስናስጭን ረዳቱ በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ደሞ ምንድን ነው?» አለ። የበረዶ ሸርተቴ ነው ስንለው ሳቁ አመለጠው፤ «ታዲያ በረዶው የታል?» አልተሟገትነውም። ጎንደር በረዶ የላትም። የስሜን ተራሮች አናት አልፎ አልፎ ነጣ ቢልም ስኪ የሚያስነዳ አይደለም። ዘሎ በአየር ላይ መዞር የሚፈልግ ሰው ግን ስሕተቱን ይዞት የሚሄደው ከቤቱ ነው። አቋቋሙም፣ የትከሻው አጠማዘዝም፣ ማረፉም በሳር ላይ ይታያል፣ በሳር ላይም ይታረማል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች በደረስንበት ቀን ዝላይ የሚባል ነገር አልነበረም። ትንፋሽ ሲያጥር እግር ይዝላል፤ የዛለ እግር ሲያርፍ አይታጠፍም።

በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ወረድንና ባዘቶ ከሚሸጡ እናት አንድ እንዝርት ገዛን። ለዚህ ትምህርት ከእንዝርት የተሻለ መሣሪያ አናውቅም። ፈታይዋ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው ገፋ አድርገው ይለቁታል፤ ከተለቀቀ በኋላ ማንም ምንም አይጨምርለትም፣ በተሰጠው ጉልበት ብቻ ይሾራል። የስኪ ዘላይም እንዲሁ ነው። እግሩ ከመዝለያው፣ ማለትም ለዝላይ ከተቆለለው የበረዶ ጉብታ፣ ጫፍ ከተላቀቀ በኋላ አዲስ ዙር መፍጠር አይችልም። የሚችለው ያለውን ማፍጠን ወይም ማዘግየት ነው፤ እጁን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ ይፈጥናል፣ ሲዘረጋ ይዘገያል። «አየር ላይ እጨርሰዋለሁ» ብሎ እግሩን የሚያወናጭፍ ጀማሪ ሁሉ ወገቡን ነው የሚጠመዝዘው እንጂ ዙሩን አይጨምርም። ሌላም አለ። ፈትሉ ወደ አንድ ጎን ከተከመረ እንዝርቱ ይንገዳገዳል። ሰውም ሲነሣ አንዱን ትከሻ ወደ መሬት ከጣለ ዙሩ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ጋደል ይላል፤ ማረፉም በጎን ይሆናል።

ለልምምድ የፋሲል ግቢ ሳር ያጓጓል። እዚያ መዝለል ግን ነውር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግቢ የስፖርት ሜዳ አይደለም። ዞር ዞር ብሎ አይቶ መውጣት ይበቃል። ለኛ የሚሆነው ድንጋዩ የተለቀመለት ማንኛውም ሜዳ ነው። እግር በዳሌ ስፋት፣ ቁርጭምጭሚት ታጥፎ፣ ጉልበት ከእግር ጣቶች በላይ፣ እጅ ዓይን በሚያየው ቦታ ከፊት። በዚህ አቋም ዐሥር ጊዜ ቀጥ ብሎ መዝለልና ባረፉበት 3 ሰከንድ ሳይነቃነቁ መቆየት። ከዐሥሩ ሁለቴ እንኳ እግሩን ያነሣ ሰው ወደ ዙር አይለፍ። አሰልቺ ነው፣ እናውቃለን፤ ከሁሉ የሚቀለው ግን ይኼ ነው።

ከዚያ መሬት ላይ በአመድ መስቀል ተሠምሮ ሩብ ዙር፣ ቀጥሎ ግማሽ ዙር፣ በሁለቱም አቅጣጫ። አንዱ ጎን እንደሚቀል ወዲያው ይታወቃል፤ በረዶ ላይ በቀለለው ይጀመራል። ወደ ግራ ለመዞር ትከሻን አስቀድሞ ወደ ቀኝ 40 ዲግሪ ያህል ማጠምዘዝ ያስፈልጋል፤ ዳሌና እግር ግን ወደ ፊት እንዳዩ ይቆያሉ። ጀማሪን የሚያስቸግረው ይኸው ነው፣ ትከሻው ሲዞር ዳሌው ይከተለዋል። የዚያን ዕለት ማታ አዝማሪ ቤት ገብተን እስክስታ ስናይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። መሰንቆው ሲሞቅ ትከሻው ይርገፈገፋል፣ ዳሌው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ጎንደሬ ይህን ከልጅነቱ ያውቃል፤ በሌላ አገር አሠልጣኞች ሳምንት የሚፈጁበት ነገር ነው። እስክስታ የሚችል ተማሪ ትከሻውን አጠምዝዞ ዳሌውን እንዲይዝ ሲነገረው አንዴ ይበቃዋል።

ጊዜው ግን የግድ መለየት አለበት። የተጠመዘዘው ትከሻ የሚለቀቀው እግር መሬቱን ከሚገፋበት ቅጽበት ጋር አንድ ላይ ነው። ቀድሞ ከተለቀቀ ስኪዎቹ ገና መዝለያው ላይ ሳሉ መዞር ይጀምራሉ፣ ጠርዛቸው በረዶውን ይነክሳል፣ ዘላዩም በጎኑ ይወጣል። ዘግይቶ ከተለቀቀ የሚገፋበት መሬት የለምና ዙሩ ግማሽ ላይ ይቀራል። ስኪዎቹ እስከ ጫፉ ድረስ ዝርግ ሆነው፣ ሁለቱም እግሮች እኩል መግፋት አለባቸው።

ስለ ሙሉ ዙር አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከሜዳ 30 ሴንቲሜትር የዘለለ ሰው አየር ላይ የሚቆየው ግማሽ ሰከንድ ያህል ነው። በዚያ ጊዜ 360 ዲግሪ ለመጨረስ ራሱን እንደ ጅራፍ መወንጨፍ ይኖርበታል። በረዶ ላይ ግን ማረፊያው ወደ ታች ስለሚያዘቀዝቅ የአየሩ ጊዜ ይረዝማል፤ ያው ውንጨፋ እዚያ ሲደገም ዙሩ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ሜዳ ላይ በግማሽ ዙር እናቆማለን። ሙሉው ዙር ትራምፖሊን (ወደ ላይ የሚያነጥር ውጥር ሸራ) ላይ በዝግታ ይለመድ። ዓይን የሚመራው ትከሻ ላይ ተሻግሮ ማረፊያውን ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ራስ ይቆማል፣ እጅ ይዘረጋል፣ ዙሩም ይረግባል።

እሑድ ጠዋት ጎሃ ሆቴል ያለበትን ኮረብታ ወጣን። ከተማዋ ከነቤተ መንግሥቷ ከእግር በታች ትዘረጋለች፤ እኛ ግን የፈለግነው ዳገቱን ነበር። ቁልቁለት ላይ የቆመ ሰው ፈርቶ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ በረዶ ላይም ይህንኑ ያደርጋል። ትክክለኛው ወደ ቁልቁለቱ ዘንበል ብሎ አካልን ከዳገቱ ጋር ማስተካከል ነው፤ የስኪ ጫማ ያደረገ ሰው ቅልጥሙ የጫማውን የፊት ምላስ ሲጫነው ይሰማዋል። ወደ ኋላ ተለጥጦ ማረፍ መውደቅ ብቻ አይደለም። የስኪው ጅራት ቀድሞ መሬት ሲመታ ጠንካራው ጫማ ቅልጥሙን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ጉልበት ውስጥ ያለው የፊት መስቀለኛ ጅማትም ሊበጠስ ይችላል። እዚያው ዳገት ላይ ትንንሽ ግማሽ ዙሮች ሠራን፤ ቁልቁል እያዩ ተነሥቶ ሽቅብ እያዩ ማረፍ። ዓይን ከተነሡበት ቦታ አይነቀልም፤ ዙሩ ግማሽ ላይ እንዲቆም የሚያደርገው እሱ ነው። ካረፉ በኋላ ብቻ በትከሻ ላይ ዞሮ ወደ ኋላ ማየት ይቻላል። በረዶ ላይ ይህን ለመሞከር አስቀድሞ በስኪ ወደ ኋላ መንዳት መቻል ግድ ነው፤ ያላወቀ ሰው ግማሽ ዙሩን በደንብ ሠርቶ ሲያበቃ ቀጥሎ ባለው 5 ሜትር ይወድቃል።

አንድ የሜዳ ተመልካች ሽማግሌ ስለ ሮቤል ተክለማርያም አነሡብን። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሏል። የሱ ግን አገር አቋራጭ ስኪ ነው፤ ቀጭን ስኪ፣ ተረከዙ ያልታሰረ ጫማ፣ ሳንባ የሚፈትን ርቀት። እኛ የምንለማመደው የዙር ዝላይ በኦሎምፒክ የገባው ስሎፕስታይል (መዝለያና መሰናክል በተደረደረበት ቁልቁለት የሚካሄድ ውድድር) ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ሶቺ ላይ ነው።

ወደ በረዶው ለሚሄድ ሰው ስለ ዕቃው ጥቂት። ስኪው ከፊትም ከኋላም ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ ይሁን፤ ጅራቱ ቀጥ ያለ ስኪ ወደ ኋላ ሲነዳ በረዶው ውስጥ ይሰካል። ለጀማሪ ርዝመቱ ከአገጭ እስከ ግንባር ባለው መካከል ቢሆን አይከብድም። የራስ ቁር ያስፈልጋል። መጀመሪያ መዝለያውን ዞሮ ማየት፣ ቀጥሎ ያለ ዙር ሦስት አራት ጊዜ ቀጥ ብሎ መዝለልና ፍጥነቱን መለካት። ፍጥነት ካነሰ የሚታረፈው መዝለያውና ማረፊያው መካከል ባለው ዝርግ ላይ ነው፤ ዝርግ ደግሞ ጉልበትን አይምርም። የማሰሪያውን የመልቀቂያ ቁጥር፣ ሲወድቁ ጫማው በምን ያህል ኃይል ከስኪው እንደሚላቀቅ የሚወስነውን፣ ጓደኛ አይሙላ፤ ቴክኒሽያኑ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የጫማውን ሶል ርዝመትና የነጂውን ችሎታ ጠይቆ ይሙላው። ዕድሜንና ክብደትን መደበቅ ለሌላ ቦታ ይቆይ።