ሽቦ አልባ ሞተሪኖ ስገዛ ማንም ያልነገረኝ

አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ደንበኛ አይጠፋም ነበር። ጎርፍ ውስጥ ገብቶ የመኪናው ሞተር የጠፋበት። መጥፋቱስ ባልከፋ። "ትነሳ ይሆናል" ብሎ ቁልፉን ደጋግሞ ያዞረ። ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ እያለ ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) በግድ ሲያዞረው ፒስቶኑ ውሃውን ሊጨምቀው አይችልም። አንድ ነገር መሸነፍ አለበት፤ የሚሸነፈው ቢየላው (ፒስቶኑን ከክራንክሻፍት የሚያያይዘው ዘንግ) ነው። ይታጠፋል። ስንቱን ሰው "ምን ነካህ?" ብዬ እንደተቆጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለፈው ሐምሌ ያ ሰውዬ እኔ ሆንኩ። ያበላሸሁት ግን መኪና አይደለም። ርዝመቷ አንድ ሜትር ከምናምን የሆነች፣ በሪሞት የምትበር ሄሊኮፕተር ናት።

አሁን አብዛኛው ሰው የሚገዛው በባትሪ የምትበረውን ነው። አልፈርድበትም። እኔ ግን ሞተር ካልጮኸና ጭስ ካልሸተተኝ የፀጉር ማድረቂያ የያዝኩ ይመስለኛል። የኔዋ በተለምዶ "50" የምትባለው መጠን ናት። ቁጥሩ የሞተሩ ይዘት ነው፦ 0.50 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 8 ሲሲ ከትንሽ ነገር። ነዳጇ ሜታኖል፣ ዘይትና ናይትሮሜቴን የተቀላቀለበት ነው። ካንዴላዋ እንደ መኪና እሳት አይረጭም። ግሎው ፕላግ ይሉታል። ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ለማስነሻ በትንሽ ባትሪ ትግላለች፤ ከተነሳ በኋላ ሞተሩ ራሱ እንደጋለች ያቆያታል። ሞተሪኖ አብሯት አልተሠራም። በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ረጅም ባለ ስድስት ማዕዘን ብረት ከላይ አስገብታችሁ ታዞራላችሁ። ሲነሳ ትነቅላላችሁ።

ለአራት ዓመት የተጠቀምኩት ባለ ሽቦ ሞተሪኖ ነው። ባለ 12 ቮልት፣ ከሁለት ኪሎ በላይ ከሚመዝን የሊድ ባትሪ ጋር በሣጥን የሚጎተት። አስቀያሚ ነበር። ሽቦው ክንፎቹ ላይ ይተኛል፣ መቆንጠጫዎቹ ይዝጋሉ፣ ሣጥኑ የመኪናዬን የኋላ ዕቃ መጫኛ ግማሽ ይይዛል። ግን አንድ ጠባይ ነበረው፤ ያኔ እንደ ድክመት የቆጠርኩበት። ሞተሩ ትንሽ ከበደው ማለት "ኧ..." ብሎ ይቆማል። እምቢ ይላል።

ገንዘብ ላለማውጣት መጀመሪያ ቤት ያለውን ባለ 18 ቮልት ትራፓኖ ሞከርኩ። ግማሽ ሰዓት ባዶውን አዞርኩት። እነዚህ ሞተሮች ከላይ ሲታዩ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው የሚዞሩት፤ ብረቱ ላይ ያለው ኩሽኔታ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚነክሰው። ትራፓኖውን ወደ ኋላ ዙር ስቀይረው ነከሰ። አንዴ ተነሳች፣ አምስቴ እምቢ አለች። ተውኩት።

ከዚያ ሽቦ አልባ ፍለጋ ገባሁ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ያው ሞተሪኖ ነው፣ ባትሪው ጀርባው ላይ ይታሰራል። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጉልበት ብቻ ነበር። "ጠንካራውን ግዛ፣ አትቆጭም።" የገዛሁት ከ12 እስከ 24 ቮልት ይችላል የሚል ነው። ሻጩ ባለ ስድስት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ እንድጨምርበት መከረኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ጨመርኩ።

እዚህ ላይ ሒሳብ ልሥራላችሁ፤ እኔ ስላልሠራሁት። አንድ ሊፖ ሴል በስሙ 3.7 ቮልት ነው፣ ሙሉ ሲሆን 4.2። ስድስት ሴል በስሙ 22.2 ነው። ሙሉ ሲሆን ግን 25.2። ገና ከቻርጀር እንደተነቀለ መመሪያው ከፈቀደው በላይ ነው ማለት ነው። ድሮ በ12 ቮልት አስነሳው የነበረውን ያንኑ ሞተር አሁን በእጥፍ እየመታሁት ነው። ለሁለት ሳምንት ግን ንጉሥ ነበርኩ። አዝራሩን ነካ ሳደርገው ትነሳለች። ሜዳው ላይ ያሉት ዞር ብለው ሲያዩኝ ምን ያህል እንደኮራሁ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ወደ ቅዳሜዋ ልምጣ።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ከሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲህ ያለ ነገር ማብረር ክልክል ነው። እኔ አሁን የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፣ አየር ማረፊያው አፍንጫ ሥር። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ ደንቡን ጠብቆ ማብረር ይቻላል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ነድቼ ክለቡ ሜዳ እሄዳለሁ። ሕጉ እንደሚያዘው ተመዝግቤያለሁ፣ 5 ዶላሬን ከፍያለሁ፣ ፈተናዬን ወስጃለሁ። ሕጉ ለምን እንደወጣ ይገባኛል። ቅዳሜዬን የሚበላው ግን እሱ ነው።

ያን ቀን ጊዜ ላትርፍ ብዬ የሄሊኮፕተሯን ሰርባቶዮ (የነዳጅ ታንክ) ቤት ሞላሁ። ባለቤቴ ደግሞ ሁልጊዜ "መኪናው ሸተተ፣ ይሄን መጫወቻህን አንድ ነገር አድርገው" ትላለች። እውነቷን ነው። እንዳይፈስ ብዬ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ወደ ሰርባቶዮው የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ በብሎን ወተፍኳት። ወደ ካርቡራተሩ የምትሄደውን ግን እንዳለች ተውኳት።

ቀሪውን መገመት ትችላላችሁ። የሐምሌ ፀሐይ፣ የተዘጋ መኪና፣ አንድ ሰዓት መንገድ። ሰርባቶዮው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋል። መውጫው ተወትፏል። ስለዚህ ነዳጁን በቀረው ቀዳዳ ገፋው። ወደ ካርቡራተር፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ ሆድ።

ሜዳው ስደርስ ሰርባቶዮው ትንሽ ጎድሏል። አይቻለሁ። "መንገድ ላይ ፈስሶ ይሆናል" አልኩ። ምንጣፉ ደረቅ ነበር። ደረቅነቱንም አይቻለሁ! ብሎኗን ነቀልኩ፣ ግሎው ፕላጉን አጋልኩ። ጋዙ (የነዳጅ መስጫው) ዝቅ ማለቱን አረጋገጥኩ። ግራ እጄ የክንፎቹን ራስ ጨበጠ፣ ቀኝ እጄ ሞተሪኖውን። ብረቱን አስገባሁና አዝራሩን ተጫንኩ።

"ጭክ።"

አንዲት ድምፅ ናት። ጮክ ያለች አይደለችም፤ ደረቅ ስኳር ድንች ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት። ሞተሪኖው ለቅጽበት እንኳ አልዘገየም። ሞተሩ መዞሩን ቀጠለ፣ ማርሚታው ነዳጅ ተፋ፣ እጄ ላይ የሚሰማኝ ግን ሌላ ነበር። ሞተር በጤናው ሲዞር ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ ይከብዳል፣ ሲወርድ ይለቃል። ይሄ ቀልሏል። ፒስቶኑ እንደ ድሮው እስከ ላይ አይደርስም።

ያኔ መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም። አንዴ ሌላ ልሞክር አልኩ። ለደንበኞቼ ስንት ዓመት የጮህኩበትን ነገር በገዛ እጄ ደገምኩት።

አጠገቤ የነበረ ፀጉሩ የሸበተ የክለቡ አባል ቀና ብሎ አየኝ። "በእጅህ አዙረኸው ነበር?" አለ። አላዞርኩም። ምንም አልጨመረም፤ ወደ ራሱ ሥራ ተመለሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ቤት ስፈታው ቢየላው ታጥፎ አገኘሁት። የአሉሚኒየም ነው፣ ከትንሽ ጣቴ ይቀጥናል። ዓይን ለለመደ ሰው እንኳ መታጠፉ ቶሎ አይታይም። ጠረጴዛ ላይ ሳስተኛው ግን አንዱ ጫፍ ተነሳ። ክራንክሻፍቱም ቢየላው የሚታሰርበት ቦታ ላይ ጭረት አውጥቷል። ዕቃውን አዝዤ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ።

በንዴት ለሻጩ ጻፍኩ። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ፤ መሣሪያው "በተገለጸው መሠረት ሠርቷል" ይላል። በተገለጸው መሠረት! ይበልጥ ያበገነኝ እውነታቸውን መሆኑ ነው። ሞተሪኖው ማዞር ነበረበት፣ አዞረ። ግን ባለ ስድስት ሴሉን ለ50 መጠን ሞተር "ልክ ነው" ያለኝ ሰው ማን ነበር? ለዚህ ጥያቄ መልስ አልመጣም።

አዲስ አበባ ለቀድሞ አለቃዬ ደውዬ ነገርኩት። "ጋሼ፣ ቢየላ አጠፍኩ" አልኩ። "የምን መኪና?" አለኝ። ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። "አንተ? ውሃ አጠጥተህ?" ውሃ ሳይሆን ሜታኖል ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። አልሰማኝም፤ ጋራዡ ውስጥ ላሉት ልጆች እየነገራቸው ነበር።

እንግዲህ ልትገዙ ካሰባችሁ የኔ ሐሳብ ይኸው። መመሪያው እስከ 24 ቮልት ቢልም ለ30 እና ለ50 መጠን ባለ ሦስት ሴል ባትሪ ይበቃል። ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ነው፤ የድሮው የሊድ ባትሪ ያህል። ለ90 መጠን ባለ አራት ሴል። ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ሞተሩ እምቢ ሊላችሁ ሲሞክር አትሰሙትም። ሻጮች "ጠንካራ ነው" ሲሉ ልክ ናቸው። እኔ የምፈልገው ግን ሞተሩ ታንቆ ሲገኝ የሚቆም ሞተሪኖ ነው።

ክብደቱን ከነባትሪው በአንድ እጅ ያዙት። ግራ እጃችሁ የክንፎቹን ራስ ስለሚይዝ ሁለተኛ እጅ የላችሁም። ይህን መያዝ ደግሞ ዝም ብሎ ሥርዓት አይደለም፤ ጋዙ ከፍ ብሎ ከተነሳ ፍሪሲዮኑ ይነክስና ክንፎቹ ይዞራሉ፣ ፊታችሁ ደግሞ እዚያው ነው። አዝራሩ ጎልቶ የወጣ ከሆነ ቦርሳ ውስጥ ራሱን ይጫናል፤ ባትሪውን ሳትነቅሉ አትጓዙ። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ፦ ሞተሪኖው ባትሪው ሲያልቅ የሚያቆም ነገር የለውም። ሽቦና አዝራር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ባለ ሦስት ሴል ሊፖዬን እንደዚያ አድርቄ ገደልኩት። ቮልት ሲወርድ የምትጮህ ትንሽ መጠቆሚያ ግዙና ሰኩበት፣ ዋጋዋ ከምሳ ያንሳል።

ከሁሉ በፊት ግን በእጅ አዙሩ። ብረቱን ከሞተሪኖው ነቅላችሁ በጣታችሁ ሁለት ዙር። ድርቅ ብሎ ከቆመ ነዳጅ ጠጥቷል። ግሎው ፕላጉን ፍቱ፣ ማጋያውን (ግሎው ፕላጉን የሚያግለውን ትንሽ ባትሪ) አርቁ፣ ፊታችሁን ዞር አድርጉና ከዚያ በሞተሪኖው አዙሩት፤ ነዳጁ በቀዳዳው ተረጭቶ ይወጣል። ማጋያውን አርቁ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። የሜታኖል እሳት በቀን ብርሃን ብዙም አይታይም። ሰርባቶዮውን ደግሞ ሜዳ ላይ ሙሉ። ቤት መሙላት ግድ ከሆነ መቆንጠጥ ያለበት ወደ ካርቡራተር የሚሄደው ቱቦ ነው።

የድሮዋ ሣጥን አሁንም የመኪናዬ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ናት። ሞተሪኖውን በባለ ሦስት ሴል እየተጠቀምኩበት ነው፤ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ልዋሽ አልችልም። ባለ ስድስት ሴሉን ባትሪ ግን ባለፈው ወር ሸጥኩት። የገዛው ወጣት ባለ 50 ሄሊኮፕተር ነው ያለው። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፣ ቢየላውንም አሳየሁት። እያገላበጠ አየው።

"ግን በደንብ ያዞራል፣ አይደል?" አለኝ።

"በጣም" አልኩት።

ከፍሎ ሄደ።