ሚጡ ዊግ አያስፈልጋትም

የእህቴ ልጅ ሚጡ ቺካጎ ነው የተወለደችው። የአይሪሽ ዳንስ ትማራለች። አዎ፣ የአየርላንዶቹን ጭፈራ። የአበሻ ልጅ እዚያ ምን አገባት ለምትሉኝ፣ የክፍል ጓደኛዋ ተመዘገበች፣ እሷም አለቀሰች፣ ተመዘገበች። ሌላ ታሪክ የለውም። ዘንድሮ የዳንስ ትምህርት ቤቷ በአየርላንዶቹ የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ሰልፍ ላይ ሲወጣ ሚጡም ከትንንሾቹ ጋር ተሰለፈች።

በዓሉ በፈረንጆቹ ማርች 17፣ በእኛ መጋቢት 8 ነው። መሃል ቺካጎ ያለውን ሰልፍ የሚያወጡት ግን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሐዋሳ፣ አቶቴ ያለችው ጸጉር ቤቴ መፈናፈኛ የላትም። ደግነቱ ሁዳዴ ነበር። በሁዳዴ ሠርግ የለም፣ ሠርግ ከሌለ ሚዜ የለም፣ ሚዜ ከሌለ እኔም እንደ ሰው አረፍ እላለሁ። እህቴ በኢሞ ስትደውል እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል፣ እነሱ ገና ቀትር ላይ ናቸው። እኔ፣ እናቴና ሁለት ደንበኞች አንድ ስልክ ላይ ተደፋን።

ጠዋት የቀረጸችውን ወንዝ ቀድማ ልካልን ነበር። ለበዓሉ ወንዙን አረንጓዴ ቀለም ይነክሩታል። ነገሩ በ1962 እንደ ፈረንጆቹ ነው የተጀመረው። ሐሳቡ የመጣው ከቧንቧ ሠራተኞች ማኅበር ነው፤ የማን ፍሳሽ ወደ ወንዙ እንደሚገባ ለማጣራት ቀለም ይጠቀሙ ነበርና። የሚገርመው ዱቄቱ ሲበተን ብርቱካናማ ነው፤ ውኃ ሲነካው ነው አረንጓዴ የሚሆነው። ቀን ሙሉ የጸጉር ቀለም የምበጠብጥ ሴት ነኝና ይህን ደጋግሜ አየሁት።

እናቴን ያሳሰባት ፓትሪክ ማን እንደሆነ ነው። ሥላሴን በአንድ ግንድ ላይ ባለ ሦስት ቅጠል ሣር አስተማረ እየተባለ ይተረካል አልኳት። «ታዲያ ጻድቅ ነዋ!» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

ከዚያ እነ ሚጡ መጡ። እስከ ቁርጭምጭሚት በክር የሚታሰር ስስ ጥቁር ጫማ፣ ነጭ ካልሲ። ካልሲው እንዳይንሸራተት በማጣበቂያ እግራቸው ላይ እንደሚለጠፍ እህቴ በኋላ ነገረችኝ። ሙዚቃው ሲነሳ በእግር ጣታቸው ቆሙ። ከወገብ በታች እግር እያጠላለፉ፣ እየዘለሉ፣ አየር ላይ እየረገጡ። ከወገብ በላይ ግን ምንም። እጅ ከጎን ተለጥፏል፣ ትከሻ ንቅንቅ አይልም።

«ይቺ ልጅ እጇን ምን ነካት? ወድቃ ነው?» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ጭፈራው ነው።»

«ትከሻዋስ?»

«እሱም አይፈቀድም።»

«ታዲያ በምኗ ልትጨፍር ነው!»

እዚህ ላይ ኔትወርኩ ሚጡን አንድ እግሯን አንስታ አየር ላይ እንዳለች ቀጥ አደረጋት። ሲለቅ ሙዚቃው አልቋል፣ ልጆቹም ቆመዋል። ሚጡ ግን ግራ ትከሻዋን አንዴ ሰበቅ አደረገችው። እናቴ «አየሽ፣ ያው የኛው ናት!» ብላ እልል አለች። እኔ እንኳን ብርድ ነው ባይ ነኝ።

ፒያስትራ እየሠራኋት የነበረችው ደንበኛዬ ዝም ብላ ስታይ ቆይታ፣ «የራሷን ሳታውቅ የሰው ባህል» አለች። ሚጡ እስክስታ ታውቃለች፤ ልደቷ ላይ አይተናታል። ግን እሱን አላልኩም። ጸጉሯ በእጄ ላይ እየጨሰ ስለ ራስ ባህል የምታወራ ሴት ምን ይባላል? ከርዳዳውን እንዳቃናላት ከፍላኝ ነው የተቀመጠችው። እኔም እንጀራዬ ስለሆነ ዝም ብዬ አቃናለሁ።

አይሪሽ ዳንሰኞቹ ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። ለውድድር ሲቀርቡ ብዙዎቹ ልጆች ጥቅልል ያለ ዊግ ነው የሚያደርጉት። ያለ ዊግ ከሆነም ጸጉራቸው በቢጎዲን ተጠቅልሎ ሲያድር ነው። ዊጉ ርካሽ አይደለም። ሚጡ ሁሉንም ከእናቷ ማህፀን ይዛ ነው የመጣችው። አስተማሪዋ «ምንም እንዳትነኩት» ነው ያለቻቸው።

ደግሞ እኔና እህቴ እዚሁ ሐዋሳ ስናድግ በጨምበላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ ቀን፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር «አይዴ ጨምበላላ» እያልን ከቤት ቤት ስንዞር፣ ቡርሳሜ ስንበላ ነው የኖርነው። ሲዳማ አይደለንም። በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ዩኔስኮ ፍቼ ጨምበላላን በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጎረቤቶቻችንን እንኳን ደስ አላችሁ ብለን እኛም አብረን ጨፍረናል። ያኔ «ባህላችሁን ረሳችሁ» ያለን ሰው ትዝ አይለኝም። ቡርሳሜውን የሰጡን እናቶችማ «ጨምሩ» ነበር የሚሉን።

ሰኞ ደግሞ እህቴ ደወለች። አንዲት የዳንስ ትምህርት ቤቱ እናት፣ ልጇ ጸጉሯ ቢጎዲኑ ሲፈታ ወዲያው የሚተኛባት፣ ሚጡ ምን እንደምትቀባ ጠይቃታለች። በድምፅ ላኩላት፦ ተልባ ቀቅለሽ፣ ሳይቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ አጥልለሽ፣ እርጥብ ጸጉር ላይ ቀብተሽ ጠቅልዪው። ከቀዘቀዘ አይጠልም፣ ይህን አስምሪላት። ለልጅቷ ይስራ አይስራ ገና አልሰማሁም፤ ጸጉሯ በጣም ስስ ነው አሉ።