ቅቤው አለፈ፣ ቋንጣው ቀረ፦ ከቦሌ እስከ ደለስ

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስትመለሱ ሻንጣችሁ ውስጥ ከልብስ ምግብ የሚበዛ ከሆነ ይቺን አንብቧት። ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ስመለስ ምን እንደያዝኩ፣ ደለስ (የዋሽንግተን ኤርፖርት) ላይ ምን እንዳለፈ፣ ምን እንደቀረና ለምን እንደቀረ ልጽፍላችሁ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ዲሲ አካባቢ ስለ ጉምሩክ የሚወራው ነገር ግማሹ ልክ አይደለም፣ ሰው በወሬ ተነስቶ ይደብቃል፣ ከዛ ይቀጣል፣ ከዛ ደግሞ "ምግባችንን ንቀው ጣሉብን" ይላል።

እናቴ ገና ሳልመጣ ነው ማዘጋጀት የጀመረችው። በርበሬው ተቀንጥሶ ደርቆ ወፍጮ ቤት ሄዶ ተመልሷል፣ ምጥን ሽሮ አለ፣ ሚጥሚጣ አለ፣ በሶ፣ ኮረሪማ፣ የተቆላ ቡና፣ አንድ ጥቅል የደረቀ ጦስኝ ለሻይ፣ ንጥር ቅቤው ደግሞ ክዳኑ በስኮች ሁለት ሦስት ዙር ታስሮ በፌስታል ላይ ፌስታል ተደርጎበታል። አክስቴ ቋንጣ ይዛ መጣች። በጣም ቆንጆ ቋንጣ ነው፣ ቤቱን ነው ያወደው። እትዬ ይሄ አይገባም፣ እዚሁ ይበላ አልኳት። "የኛ ሥጋ ምን አደረጋቸው?" አለችኝ፣ ተቀይማለች። ጥያቄዋ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልስም አለው፣ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ የማደርገው ምንድነው፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በዚፕ ፌስታል አድርጌ ላዩ ላይ ነጭ ፕላስተር እለጥፍና ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ "የተቆላ የገብስ ዱቄት"፣ "የተፈጨ የደረቀ በርበሬ"፣ እንደዛ እንደዛ። ሁሉንም ደግሞ አንድ ሻንጣ ውስጥ ከላይ በኩል አደርገዋለሁ፣ ክፈት ሲሉኝ ልብስ ማገላበጥ አይኖርም።

ቦሌ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ከ2018 ጀምሮ (ዓመት ስጠራ በፈረንጆች ነው) ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ላይ በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ዱቄት ነገር ከ350 ሚሊ ሊትር ከበለጠ ለብቻው ይፈተሻል፣ ፈታሾቹ ምንነቱን ማረጋገጥ ካልቻሉ ወደ አውሮፕላኑ አይገባም። 350 ሚሊ ማለት አንድ የለስላሳ ቆርቆሮ አካባቢ ናት። ኪሎ አስመዝኖ የበዛበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያወጣው በርበሬና ሽሮውን ነው አይደል፣ አውጥቶ በእጁ ይይዘዋል፣ በር ላይ ደርሶ ይታገታል። ከፊቴ የነበረ ወጣት ልጅ ሽሮውን እዛው ትቶ ሲሄድ አየሁ፣ አንጀቴን ነው የበላኝ። ዱቄት የሆነ ነገር ሁሉ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ ከበዛ ልብሱን በእጅ ያዙ።

ሌላው አደራ ነው። ሰልፍ ላይ ቆማችሁ የማታውቁት ሰው "ይቺን ብቻ፣ ለወንድሜ" ይላችኋል፣ ሻይ ቅጠል ነው ይላል። ደርቆ የታሸገ ጫት ከሻይ ቅጠል ለይታችሁ የምታውቁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አሜሪካ ውስጥ ከሄሮይን ጋር አንድ ምድብ ውስጥ የተመዘገበ ነው፣ ደለስ ላይ በተደጋጋሚ ይያዛል፣ ሻንጣው የማን ነው ሲባል የናንተ ነው። እኔ የዘመድ እቃም ቢሆን ከፍቼ አይቼ፣ አሽትቼ፣ ራሴ መልሼ ካላሸግኩት አልይዝም፣ የሚቀየም ይቀየም።

በረራው ረጅም ነው፣ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። ከአውሮፕላን የተሰጣችሁን ፍራፍሬ ግን እዛው ብሉት ወይ ተዉት። በ2018 አንዲት መንገደኛ ከፓሪስ ስትመጣ አውሮፕላን ላይ የተሰጣት ፖም ቦርሳዋ ውስጥ ተገኝቶ 500 ዶላር ተቀጥታለች፣ ዜና ላይ ወጥቶ ነበር።

ደለስ ደረስን። ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ምግብ ይዘሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ አዎ፣ ቅመም፣ ዱቄት፣ ቡና፣ ቅቤ አልኩት፣ ቋንጣ የለም፣ ፍራፍሬ የለም። ሻንጣህን ስትወስድ በዚህ በኩል እለፍ አለኝ፣ በቃ። "አዎ ካልክ ሙሉ ቀን ያስቆሙሃል" የሚለው ወሬ እኔ ላይ ደርሶ አያውቅም።

ሻንጣ የሚዞርበት ቦታ ላይ ውሾቹ አሉ። ቢግል ናቸው፣ ጆሯቸው የተንጠለጠለ፣ ጀርባቸው ላይ ትንሽ ሰማያዊ ልብስ ያደርጋሉ። አይጮሁም አይናከሱም፣ ሥጋ ወይ ፍራፍሬ የሸተታቸው ሻንጣ ጎን ሄደው ቁጭ ይላሉ፣ ምልክታቸው እሱ ነው። ሥራው ሎስ አንጀለስ ላይ በ1984 ነው የተጀመረው፣ ብዙዎቹም ከመጠለያ የተወሰዱ ውሾች ናቸው፣ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ትምህርት ቤት አላቸው። ቢግል የተመረጠው አፍንጫው ኃይለኛ ስለሆነ፣ ትንሽ ስለሆነና ሰው ስለማያስፈራ ነው።

አንዷ ሄዳ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ጋሪ ጎን ቁጭ አለች። ሴትየዋ ደንግጠው ወደኋላ ሸሹ። የውሻው ባልደረባ ምግብ አለ ወይ ይላቸዋል፣ እሳቸው "ኖ፣ ኖ" ይላሉ፣ ከቤት ሲወጡ ለሁሉም ጥያቄ ኖ በይ ተብለው ነው የመጡት። ይሄን ምክር የሚሰጡ ልጆች ምን እያደረጉ እንደሆነ ቢያውቁ ጥሩ ነበር፣ ምክንያቱም ሳይናገሩ መገኘት ነው የሚያስቀጣው፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን እስከ 1000 ዶላር ሊደርስ ይችላል፣ ተናግረው የሚቀር ነገር ግን የሚያስከፍለው እቃውን ብቻ ነው። ጠጋ ብዬ ላስተረጉም ወይ ብዬ ባለሥልጣኑን ጠየቅኩት፣ እሺ አለኝ፣ አብረን ወደ ግብርና ፍተሻው ሄድን።

"እማማ፣ ምግብ ይዘዋል ወይ ነው የሚሉዎት፣ አይቆጡም፣ ያለውን ሁሉ ይንገሩኝ" አልኳቸው። "ልጄ አራስ ናት፣ ላርሳት ነው የመጣሁት፣ እንግዲህ ባዶ እጄን ልምጣ?" አሉኝ። ከዛ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ለአጥሚት የሚሆን አጃ፣ ማር፣ በርበሬ፣ ቋንጣ፣ ጤና አዳም። ፈታሿ ሴት ነበረች፣ ጓንት አደረገች፣ የሳቸውንም የኔንም ጎን ለጎን ብረት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

የሷን አሠራር በደንብ ላሳያችሁ። በርበሬውን አየችው፣ ፕላስተሩን አነበበች፣ ወደ ጎን። ሽሮ፣ በሶ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ወደ ጎን፣ የተፈጨና የተቆላ ነገር ብዙም አላስጨነቃትም። ጦስኙ ላይ ግን ቆየች። ነጭ ትሪ አወጣች፣ ጥቅሉን ፈታችና ትሪው ላይ አራገፈችው፣ የረገፈውን በትንሽ ብሩሽ ገለጥ ገለጥ እያደረገች በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አየችው፣ የምትፈልገው ነፍሳትና ዘር ነው፣ የተባይ እንቁላል እንኳን ቢሆን። ንጹህ ነበር፣ መልሳ ጠቀለለችልኝ። ቅቤውን ከፍታ አሽትታ ምንድነው ያለው ውስጡ አለችኝ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርት አልኳት፣ ክዳኑን ገጠመችና አለፈ። ቅቤ አሜሪካ ሕግ ላይ ከወተት ተለይቶ የተፈቀደ ነው። አውሮፓ ግን እንደዛ አይደለም፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካሉ አገሮች ሥጋም ወተትም የወተት ተዋጽኦም መንገደኛ ይዞ መግባት አይችልም፣ ስለዚህ ፍራንክፈርት ያለች እህታችሁ "እነሱ ያስገባሉ" ብላ ቅቤ ብታስልክ እንዳትሰሟት። ቡናም እንደዛው ልዩነት አለው፣ ጥሬ ቡና ዋሽንግተን ይገባል፣ ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ አይገባም፣ እዛ ቡና ስለሚበቅል የቡና በሽታና ተባይ ይፈራሉ።

የእማማ ቋንጣና ጤና አዳም ለብቻ ተቀመጡ። ጤና አዳሙ እርጥብ ነው፣ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ሥሩም አለ። ጤና አዳም እኮ የሎሚና የብርቱካን ዘመድ ነው፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ በ2005 አንዲት ትንሽ ነፍሳት የምታስተላልፈው የብርቱካን በሽታ ተገኘና ከዛ በፊት በዓመት ከ200 ሚሊዮን ሳጥን በላይ ብርቱካን ይለቀም የነበረበት ግዛት አሁን 20 ሚሊዮን እንኳን አይሞላም። ያን ያየ ሰው ሥር ያለው እርጥብ ቅጠል ሲገባ ዝም ብሎ አያሳልፍም።

ቋንጣው ላይ እማማ አልተዋጠላቸውም። "ሊበሉት ነው?" አሉኝ፣ ጠይቃት አሉኝ ማለት ይቻላል። ጠየቅኳት፣ አይ፣ ይቃጠላል አለች። ይሄን ስነግራቸው ባሰባቸው፣ "ምግብ ያቃጥላሉ?" አሉ። እዚህ ጋ ነው የአክስቴም ጥያቄ የተነሳው። እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው። እኛ አገር ከብት ላይ አፍተግር አለ፣ ለኛ የተለመደ በሽታ ነው፣ ሰው አይጎዳም፣ ግን ሥጋው ቢደርቅም በሽታው ውስጡ ሊቆይ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1929 ካሊፎርኒያ ነው፣ የገባውም በትርፍራፊ ሥጋ ነው፣ አርጀንቲና ሥጋ የጫነች የመንገደኞች መርከብ ላይ የተረፈውን አሳማዎች በልተውት። ከብቶቹ ታርደው ተቀብረው ነው የቆመው። እንግሊዝ ደግሞ በ2001 ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳ ፈጅታለች፣ የሱም መነሻ ለአሳማ የተሰጠ ትርፍራፊ ነው ተብሎ ነው የሚታመነው። እንግዲህ እኔ ይሄን ሁሉ በዝርዝር አላልኳቸውም፣ "እማማ፣ ከሥጋው ጋር በሽታ መጥቶ ከብታቸውን እንዳይፈጅ ነው" ነው ያልኳቸው።

ዝም አሉ ትንሽ። ከዛ "እንደ ደስታ?" አሉኝ። ገበሬ ቤት ያደጉ ናቸው፣ መንዝ። ደስታ የሚባለውን የከብት ወረርሽኝ ያውቃሉ፣ አያቶቻቸውም ክፉ ቀንን ያወሩላቸው ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በኛ አቆጣጠር ጣልያን በምጽዋ በኩል ባስገባው ከብት ነው ደስታ አገራችን የገባው፣ ከአስር በሬ ዘጠኙ አለቀ ይባላል፣ የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ዝናቡም ቀረ፣ ሕዝብ አለቀ። በመርከብ የመጣ ከብት ነው ያን ያመጣው። ደስታ ከዓለም የጠፋው በፈረንጆች በ2011 ነው፣ የኛም አገር አፋር ውስጥ የሰለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ከብቱን ከከተቡ በኋላ። እንደ ደስታ ነው ወይ ሲሉኝ አዎ፣ እንደሱ ነው አልኳቸው። "እንዲያ ከሆነማ ይቅር፣ የሰው ከብት በኔ አይለቅ" አሉና ቋንጣውን ራሳቸው ወደ ፈታሿ ገፋ አደረጉላት።

ቅጣት አልተቀጡም፣ መጀመሪያ ኖ ቢሉም ሻንጣው ሳይከፈት በአማርኛ ሲጠየቁ ሁሉን ተናግረዋልና። ወረቀት ላይ ፈረሙ፣ የቀረው ሁሉ ተመለሰላቸው፣ የገንፎውም ዱቄት፣ ቅቤውም፣ ማሩም። ሻንጣቸውን አብረን ዘጋነው፣ ዚፑ አስቸግሮን ነበር።

ውጭ አማቻቸው አበባ ይዞ ቆሞ ነበር። ሰላምታው እንኳን ሳያልቅ "ቋንጣው ቀርቷል፣ እዚህ የሚዘለዝል ሥጋ ቤት አለ ወይ?" ብለው ጠየቁት። አለ፣ አሌክሳንድሪያም ሲልቨር ስፕሪንግም ሐበሻ ሥጋ ቤት ሞልቷል፣ ለቋንጣ ብላችሁ ስትነግሯቸው ቀጭን አድርገው ይዘለዝሉላችኋል አለ። "በርበሬው አልፏል፣ ነገ ሥጋ ይዘህ ና፣ ገመድም ይፈለግ" አሉት፣ እኔንም ለክርስትናው እንድመጣ ስልኬን ተቀበሉኝ።