የአየርላንድን ባህላዊ ዘፈን ብቻችሁን ለምታስቀርጹ

ደብሊን ወይም ጎልዌይ እየኖረ የአገሬውን ባህላዊ ዘፈን የያዘ ሰው የመጀመሪያ አልበም ሲያስብ ቀድሞ የሚጠይቀው የስቱዲዮ ዋጋ ነው። መቅደም ያለበት ግን የዘፈኖቹን ባለቤት ማጣራት ነው። መጠጥ ቤት ውስጥ ሁሉም በቃሉ የሚለው ሁሉ ባለቤት አልባ አይደለም። «ዘ ፊልድስ ኦቭ አቴንራይ» ስለ አየርላንድ የረሃብ ዘመን ስለሚያወራ የጥንት ይመስላል እንጂ ፒት ሴንት ጆን በ1970ዎቹ (ሁሉም ዓመት በፈረንጅ ነው) የደረሰው ነው። «ራግላን ሮድ» ደግሞ ዜማው የቆየ ቢሆንም ግጥሙ የገጣሚው የፓትሪክ ካቫና ነው። ካቫና ያረፈው በ1967 ነው፤ መብቱ ከሞት በኋላ 70 ዓመት ስለሚቆይ እስከ 2037 መጨረሻ ያለ ፈቃድ አይነካም። ለማጣራት ደብሊን፣ ሜሪየን አደባባይ 73 ቁጥር ወዳለው የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ቤተ መዛግብት ሂዱ።

ሻን ኖስ የሚባለው ያለ መሣሪያ የሚዘፈነው ስልት ስቱዲዮ ውስጥ በቀላሉ ይበላሻል። ጎልዌይ አውራጃ፣ ካርና ተወልዶ፣ ተሰዶ ኒውዮርክ የሕንፃ በር ጠባቂ ሆኖ የሠራውን የሻን ኖስ ዘፋኝ ጆ ሂኒን ያዳመጠ ምክንያቱ ይገባዋል፤ ምቱን የሚመራው ቃሉ ነው። ስለዚህ ክሊክ (በጆሮ ማዳመጫ ምቱን የሚቆጥር ድምፅ) አይከፈትም። ብቻውን የሚዘፍን ድምፅ ስምንት አንጓ እስኪጨርስ ቅኝቱ ሳይታወቀው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ሁለተኛውን አንጓ ከአንዱ ቅጂ፣ ሦስተኛውን ከሌላው ወስዶ መቀጠል የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ መገጣጠሚያው ጆሮ ይወጋል። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ደጋግማችሁ ቅረጹና አንዱን ምረጡ። ጊታር ወይም ሃርሞኒየም በኋላ ይገባል ከተባለ ግን ገና ሲቀረጽ በጆሮ ማዳመጫ የመነሻውን ድምፅ ሳታቋርጡ ስጡ፤ አለበለዚያ መሣሪያው ከዘፋኙ ጋር አይገጥምም።

ማይኩ ከአፍ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ቀረጻው በ24 ቢት ሆኖ ከፍተኛው ድምፅ ከ-10 ዴሲቤል አይለፍ። የባዶውን ክፍል ድምፅም 30 ሰከንድ ያዙ። በአንጓዎች መካከል ያለውን ሳል ወይም የወንበር ሲጥታ ቆርጣችሁ ቦታውን ጭር ካደረጋችሁት ጉድጓድ ይሆናል፤ የሚሞላው በዚያ በባዶው ክፍል ድምፅ ነው። ኮምፕረሰር (ጮክ ያለውንና ዝግ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበው) ሲበዛ ትንፋሽ ከቃሉ እኩል ይጮሃል። ትንፋሹን ጨርሶ ማጥፋትም ያው ጥፋት ነው፤ ዘፋኙ ሰው መሆኑ ይቀራል።

በሸክላ ለማሳተም አንድ ገጽ ከ20 ደቂቃ ብዙ ባያልፍ ይመረጣል፤ ሲረዝም ድምፁ ይደክማል። ዘፈኑ አምስት ስድስት ደቂቃ ከሆነ በጠቅላላው ሰባት ወይም ስምንት ይበቃል። ዝግ ያሉትን ሦስቱን ተከታትሎ መደርደር አድማጭ ያባርራል፤ በመሃል ፈጠን ያለ ይግባ።

ምዝገባው አጭር ነው። የዘፈን ደራሲዎችን መብት በሚያስከብረው ድርጅት በኢምሮ ዘንድ «ባህላዊ፣ ቅንብር በእገሌ» ተብሎ ይሞላል እንጂ ራስን ደራሲ ማድረግ ነውርም ስህተትም ነው። የእያንዳንዱ ቅጂ መለያ ኮድ የቅጂ ባለቤቶችን ከሚወክለው ድርጅት ከፒ.ፒ.አይ. ይወሰዳል፤ ራፕ የሚባለው ድርጅት ደግሞ ሬዲዮ ሲያጫውት ለተጫዋቹ የሚደርሰውን ይሰበስባል። ሽፋኑ ላይ ዘፈኑን ከማን፣ ከየትኛው መንደር እንደተማራችሁ ጻፉ፤ የአገሬው አዋቂ ገና ሳያዳምጥ የሚያነበው እሱን ነው።