አንኮበርን ከታች ጀምራችሁ ውጡ

አባቴን ይዤ አንኮበር ከመሄዴ በፊት ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገዱ አያስቸግርም። የገብስ ማሳውንና የጭላዳውን መንጋ እያያችሁ ትደርሳላችሁ።

ጠዋት የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ወጣን። ከምኒልክ ግቢ የቀረው የድንጋይ ግንብ ቁራጭ ነው፤ አናቱ ላይ ያለው ሎጅ በእኛ ዘመን የተሠራ ነው። ዙፋኑ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ከመዞሩ በፊት ሸዋ የሚተዳደረው ከዚህ ነበር። አባዬ ግንቡን በመዳፉ እየዳሰሰ ብዙ ቆመ። ከዚያ ወደ ገደሉ ዞሮ፣ «አልዩ አምባ የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

አልዩ አምባ ከአንኮበር ሥር፣ ወደ ቆላው ያለች የገበያ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የታጁራና የሐረር ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፈው እዚያ ነበር። አባዬ ካላየሁ አለ።

እኔም አንድ ቢሮ ገብቼ ጠየቅኩ። ሰውየው ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ወርዶ መመለስ ሦስት ሰዓት አይፈጅም» አለኝ። ማን እንደሚሄድ አልጠየቀም። የ67 ዓመቱ አባቴ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ቢያየው ምን ነበረበት? ግን የባሰ የምናደደው በራሴ ነው። ያንን ገደል በዓይኔ እያየሁ የቢሮ ሰው አመንኩ።

ረፋድ 5 ሰዓት ላይ መውረድ ጀመርን። ቁልቁለቱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካ ጉልበት የሚጨርሰው እሱ ነው። አባዬ በየጥቂቱ ይቆማል፣ «ደህና ነኝ» ይላል፣ እኔም አምነዋለሁ። አልዩ አምባ ስንደርስ 8 ሰዓት አልፏል። የሚመልሰን መኪና አጣን። እዚያው ማደር ነበረብን። እኔ ግን «ቀስ ብለን እንወጣለን» አልኩ።

10 ሰዓት ሲሆን ከቆላው ጉም ተነሣ። አንኮበር የሄደ ያንን ጉም ያውቀዋል፤ ባንዴ ሁሉን ይሸፍናል። መንገዱ ጠፋ፣ ብርዱ መጣ፣ ውኃችን አለቀ። የአባዬ እግር ሲንቀጠቀጥ በሱሪው ላይ ይታየኛል። ድንጋይ ላይ አስቀምጬው ጋቢውን አለበስኩት። የምለው ጠፋኝ።

ከገበያ የሚመለስ አንድ ገበሬ በቅሎውን እየነዳ ደረሰብን። «አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ ይዘህ በዚህ ሰዓት ዳገት ትወጣለህ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ወደ አባዬ ዞሮ፣ «ይነሡ አባቴ» አለና ጭነቱን በከፊል ለእኔ አሸክሞ እሱን በቅሎዋ ላይ አወጣው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገባን።

በየቢሮው ከላይ ጀምሩ ይሏችኋል፤ መኪናው የሚያደርሰው እዚያ ስለሆነ ነው። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። በዋዜማው በመኪና አልዩ አምባ ወርዳችሁ እደሩ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሳይሞቅና ጉሙ ሳይነሣ ወደ ላይ ውጡ። የሸዋ ነገሥታት ለምን እዚያ አናት ላይ እንደተቀመጡ የሚገባችሁም እንዲህ ስትወጡ ነው። ከቆላ የሚመጣውን ሁሉ ከሩቅ ያዩታል፤ እሱ ደጃፋቸው የሚደርሰው ደክሞ ነው። ሽማግሌ ከያዛችሁ በቅሎ ሳትነጋገሩ አንድ እርምጃ አትሂዱ። ሰዓቱን ደግሞ ጭነት ተሸክሞ የሚወጣውን ሰው ጠይቁ።

አባዬ ስለዚያች በቅሎ እስካሁን ያወራል፤ ሰው በመጣ ቁጥር ይተርካል። ደረጃ ሲወርድ ግን ግራ ጉልበቱን ይይዛል። ከዚያ ቀን በፊት አይዝም ነበር።